ጂግለሩ የመጨረሻው ተከሳሽ ነው
(ስለ አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ሕመምና አመራመር)

ሞተር ብስክሌት ሲታመም በአገራችን በመጀመሪያ የሚከሰሰው ካርቡሬተሩ ነው። ሞተሩ አልነሣም ቢል፥ ዳገት ላይ ቢደክም፥ ቢያጨስ ወይም መንገድ ላይ ቢቆም፥ ባለቤቱም መካኒኩም ካቻቢቴ ይዘው ወደ እርሱ ይሮጣሉ። ከሳሹ ብዙ ነው፤ መርማሪው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጂግለር የሚለወጠው ሌላው ሁሉ ከተመረመረ በኋላ መሆኑን፥ ሲለወጥም በግምት ሳይሆን በምክንያት ሊሆን የሚገባው መሆኑን ነው።

ነገሩ ለተማሪዎች መጽሔት የማይገባ መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። በፊዚክስ ክፍል ስለ አየር ግፊት፥ በኬሚስትሪ ክፍል ስለ መቃጠል እንማራለን፤ ፈተናውንም እናልፋለን። ያው የአየር ግፊት ከክፍሉ ወጥቶ በር ላይ በቆመ አሮጌ ሞተር ውስጥ ሲሠራ ስናየው ግን እንደማናውቀው ሰው እናልፈዋለን። እንግዲህ ትምህርቱን እዚያው ሞተሩ ዘንድ እንከተለው።

ስለ የትኞቹ ሞተሮች እንደምንናገር አስቀድመን እናስታውቅ። የያማሃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ 1 የተባለውን 250 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። ይህም በአስፋልትም በጥርጊያ መንገድም እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ፥ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ ሁለት ምት ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ትናንሾቹ ዲቲዎችና ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራው ኤጂ 100 በአፍሪካ ገጠር የእርሻ ባለሙያና የጤና ሠራተኛ እግር ሆኑ። በወላይታም በምኅጻሩ ዋዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 ከተቋቋመ ወዲህ ባለሙያ ከሶዶ ተነሥቶ ወደ አባያ ቆላ መውረዱ፥ ከቆላም ወደ ደጋ መመለሱ የተለመደ ሥራ ሆነ። ዛሬ አዲስ የሚሸጠው ሞተር አብዛኛው ባለ አራት ምት ነው። አሮጌው ባለ ሁለት ምት ግን መለዋወጫው እየጠፋም ቢሆን ገና አልሞተም። ሌላ መጓጓዣ የሌለው ሰው ሞተሩ ነክሶ ቢቆምበት፥ የሚያጣው የፒስቶንና የሬቲፊካ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሥራውም አብሮ ይቆማል።

ሞተሩ እንዴት ይሠራል?

በባለ አራት ምት ሞተር ፒስቶኑ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ሲወርድ ቤንዚኑ የሚቃጠለው አንድ ጊዜ ነው። በባለ ሁለት ምት ግን ፒስቶኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ በወረደ ቁጥር ይቃጠላል። ፒስቶኑ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ክፍል ስለሚሰፋ ከካርቡሬተሩ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይስባል፤ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ድብልቅ ጨምቆ በጎን ባሉት ቀዳዳዎች ወደ ሲሊንደሩ ያስገባዋል። ስለዚህ የሞተሩ ሆድ የቀጥቃጭ ወናፍ ማለት ነው። ወናፍ ከተቀደደ እሳት እንደማያነድ ሁሉ፥ ይህም ሆድ ከማይገባው ቦታ አየር ካስገባ ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ዘይቱ ነው። ባለ አራት ምቱ ዘይቱን በሆዱ ይዞ እየደጋገመ ይጠቀምበታል። ባለ ሁለት ምቱ ግን ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ፥ ወይም ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው አውቶሉብ በተባለው ዘዴ በትንሽ ፓምፕ እየተላከለት ነው። ከዚያም ዘይቱ አብሮ ተቃጥሎ ይወጣል፤ ሰማያዊው ጢስ ከዚህ የተነሣ ነው። የአንዳንድ አሮጌ ሞተር ፓምፕ ተበላሽቶ ስለ ተነቀለ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር በእጅ መቀላቀል ግድ ነው። ፓምፑ መነቀሉን ሳያውቅ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ የሞላ ሰው ሩቅ አይደርስም።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በተቀላቀለበት ሞተር ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል። ቤንዚኑ በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ስለሚወስድ፥ ማነሱ ማቀዝቀዣውንም ይቀንሳል። እንግዲህ በባለ ሁለት ምት ሞተር የቤንዚን ማነስ የጉልበት ማነስ ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ይጨምራል፥ ልስላሴው ይቀንሳል፥ ፒስቶኑ ያብጣል፥ በመጨረሻም ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ያጨሳል፥ ይደክማል፥ ካንዴላ ያጠቁራል፤ ነገር ግን አይሞትም። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ግን ደህና እየሮጠ ሳለ በድንገት ይሞታል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናንሣ። ሞተሩ እንዳይነክስ ብሎ ከታዘዘው በላይ ዘይት የሚጨምር ሰው አለ። በጂግለሩ ቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠኑ የታወቀ ነው። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ዘይቱ ከበዛ ቤንዚኑ ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ በ1 ሊትር ዘይት 25 ሊትር ቤንዚን ወይም 32 ሊትር ቤንዚን፥ የሞተሩ መመሪያ የሚያዘው የትኛውም ይሁን፥ ያንኑ ሳይለዋወጡ መጠበቅ ይገባል። መጠኑ በየቀኑ ከተለዋወጠ ጂግለሩን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

የሶዶ ከፍታና የአየሩ መሳሳት

ካርቡሬተር ማለት በመካከሉ ጠባብ አንገት ያለው የአየር ቧንቧ ነው። አየር በጠባቡ አንገት ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ከሥር ካለው ገንዳ ቤንዚን ይሳባል። ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ የናስ ቁራጭ ጂግለር ይባላል። በላዩ የተጻፈው ቁጥር ሲበዛ የሚያሳልፈው ቤንዚን ይበዛል።

የአየር ግፊት ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እንደሚቀንስ ሁላችንም ተምረናል። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቤንዚኑም አብሮ በአንድ አምስተኛ ቢቀንስ ኖሮ ችግር ባልነበረ። ነገር ግን የሚሳበው ቤንዚን የሚቀንሰው በአየሩ ክብደት ልክ ሳይሆን በክብደቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ስለዚህ አየሩ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በአንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ለባሕር ጠረፍ ተስተካክሎ የመጣ ሞተር ሶዶ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል። በጠረፍ 150 ቁጥር ጂግለር የሚስማማው ሞተር እዚህ ወደ 135 የተጠጋ ይፈልጋል ማለት ነው። ወደ 2900 ሜትር ወደሚደርሰው የዳሞታ ተራራ በወጣ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይታፈናል።

አሁን ጉዞውን ገልብጠን እንመልከተው። ሞተራችንን ለሶዶ በትክክል አስተካክለን በሁምቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ወረድን እንበል። ሐይቁ ያለው ወደ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከሶዶው በአንድ አሥረኛ ያህል ይጨምራል። የቆላው ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው ከዚህ ጭማሪ ከፊሉን መልሶ ይወስዳል። የቀረው ጭማሪ ቢሰላ የአየሩ ክብደት በመቶ 7 ገደማ ይበልጣል፤ ቤንዚኑም ከሚያስፈልገው በመቶ 3 ወይም 4 ያህል ያንሳል።

ይህ ትንሽ ነው። ጤነኛ ሞተር ይችለዋል። ታዲያ ወደ ቆላ ሲወርዱ የሚነክሱት ሞተሮች ለምን ይነክሳሉ? መልሱ ቁልቁለቱ በሽታውን አለመፍጠሩ፥ የነበረውን ግን መግለጡ ነው። ጂግለሩ በግማሽ የተደፈነ፥ አየር የሚያስገባ፥ ወይም በሶዶ ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ ጂግለሩ ከልክ በላይ ያነሰ ሞተር በደጋው ቀዝቃዛ አየር እንደ ምንም ይሄዳል። ሁለት ሰው ጭኖ በቆላው ሜዳ ጋዙን ሙሉ ከፍቶ ሲሮጥ ግን የተሸሸገው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል።

ሌላም ምክንያት አለ። ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ አሽከርካሪው ቤንዚን ለመቆጠብ ጋዙን ይዘጋና ማርሹ እንዲይዘው ይተዋል። ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፥ ነገር ግን ቤንዚን አይገባውም፤ ዘይቱ በቤንዚኑ ውስጥ ከሆነ ዘይትም አይገባውም። ስለዚህ ከሶዶ ወደ ሁምቦ የሚወርድ ሰው በየጊዜው ጋዙን ጥቂት ከፈት እያደረገ ሞተሩን ዘይት ያጠጣው፤ ወይም ፍሪሲዮኑን እየያዘ ዙሩን ያብርደው። ይህ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ መድኃኒት ነው።

የምርመራው ተራ

ካርቡሬተሩን ከመንካታችን በፊት የሚከተሉትን በተራ እንመርምር።

1ኛ. እሳት። ካንዴላውን ፈትቶ፥ ከገመዱ ጋር እንደ ተያያዘ ብረቱን ቴስታታው ላይ አስጠግቶ ሞተሩን መምታት ነው። የፈሰሰ ቤንዚን በአካባቢው እንዳይኖር መጠንቀቅ ይገባል። ብልጭታው ሰማያዊና ኀይለኛ ከሆነ ደህና ነው። ቀይ ወይም ደካማ ከሆነ ቦቢናውንና ገመዱን፥ ፑንቲና ያለው ሞተር ከሆነም የፑንቲናውን ክፍተት ማየት ነው። ክፍተቱ በብዙዎቹ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሲቀዘቅዝ የሚነሣ፥ ሲሞቅ ግን የሚጠፋና እስኪበርድ የማይነሣ ሞተር ብዙ ጊዜ ሕመሙ ቦቢና ነው።

2ኛ. ጉልበት። መምቻውን በእጅ ስንጫነው ሊቋቋመን ይገባል። ያለ ተቃውሞ የሚወርድ ከሆነ ፋሻው አልቋል ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነፍሷል። ይህን ጂግለር አይፈውሰውም።

3ኛ. የቤንዚኑ መንገድ። የታንከሩ ክዳን ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለችው። እርሷ ከተደፈነች ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይጠፋል፤ ክዳኑን ሲከፍቱት ይነሣል። ስንት ካርቡሬተር በዚህች ቀዳዳ ምክንያት በከንቱ ተፈትቷል! ከዚያም የቤንዚን መዝጊያውን፥ ማጥለያውንና የካርቡሬተሩን ገንዳ መመልከት ነው። በገንዳው ሥር የተኛ ውሃ ካለ ሞተሩ ይንተባተባል።

ቤንዚኑ ራሱም ይጠየቃል። ከማደያ ሲጠፋ በፕላስቲክ ጠርሙስ በመንገድ ዳር የሚሸጠው ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ዘይት ሳይጨመርበት በፊት አንዲት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ማንጠብጠብ ነው። ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ግን የቅባት ምልክት ትቶ ይቆያል። ላምባ ያለበት ቤንዚን ያለ ጊዜው እየተቃጠለ ሞተሩን ያንኳኳል፤ የሚያንኳኳ ሞተርም ፒስቶን ይበሳል።

4ኛ. የአየሩ መግቢያና የጢሱ መውጫ። በበጋ የወላይታ ቀይ አፈር አቧራው እንደ ዱቄት ነው። ዲፑራቶሩ በአቧራ ከታፈነ ቤንዚን ይበዛል፤ ከተቀደደ ወይም ተነቅሎ ከተጣለ አየር ይበዛል፥ አቧራውም ፋሻና ሲሊንደር ይበላል። «ያለ ዲፑራቶር ይሻለዋል» የሚባለው ምክር የሚያስከፍለው ቆይቶ ነው። እንዲሁም በማርሚታው ውስጥ የሚጠራቀመው ጥላሸት መውጫውን ካጠበበ ሞተሩ ይደክማል። ማርሚታውን አውልቆ መፋቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

5ኛ. የማይታየው አየር። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ጎማ ሲሰነጠቅ፥ ወይም በማዞሪያው ዘንግ ዳርና ዳር ያሉት ፓራዮሊዎች ሲደርቁ፥ ያልተጠራ አየር ወደ ወናፉ ይገባል። ምልክቱም ሚኒሞ ላይ ሞተሩ ራሱን በራሱ መጮሁ፥ ጋዝ ሲዘጉበትም ዙሩ ቶሎ አለመውረዱ ነው። በሚኒሞ እየሠራ ሳለ በጎማው ዙሪያ ጥቂት ውሃ ቢረጩበትና ድምፁ ቢለወጥ ቀዳዳው እዚያ አለ። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ፓራዮሊ ሲያልቅ ደግሞ ሞተሩ የማርሽ ዘይት እየሳበ ነጭ ጢስ በብዛት ያጨሳል፤ የማርሹም ዘይት ሳይፈስ ይጎድላል። በእነዚህ ሕመሞች ላይ ትልቅ ጂግለር መግጠም የተቀደደ ጣራ እያለ ከሥሩ ባልዲ እንደ መደርደር ነው።

ጂግለሩ ሲደርስበት

አምስቱ ሁሉ ደህና ከሆኑ አሁን ካርቡሬተሩ ይከሰስ። ነገር ግን ካርቡሬተር አንድ ጂግለር ብቻ የለውም፤ እያንዳንዱም ክፍል የራሱ የሥራ ሰዓት አለው። ጋዙ ከዝግ እስከ አንድ ስምንተኛ ሲከፈት የሚገዛው ትንሹ የሚኒሞ ጂግለርና የአየር ቪቴው ነው። ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ የሚገዛው የተንሸራታቹ በር ግርጌ አቆራረጥ ነው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ መርፌው ይገዛል። ከዚያ በላይ እስከ ሙሉው ዋናው ጂግለር ነው።

ስለዚህ ሕመሙ የት ላይ እንደሚነሣ መለየት የሥራው እኩሌታ ነው። በጋዙ እጀታና በመያዣው ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፎ ዝግን፥ ሩብን፥ ግማሽን፥ ሦስት ሩብንና ሙሉን ምልክት ማድረግ ይቻላል። ሚኒሞ ላይ የሚንተባተብን ሞተር ዋና ጂግለሩን ብንለውጥለት ምንም አይጠቅመውም። በግማሽ ጋዝ ቤንዚን የሚበዛበት ከሆነ የመርፌውን ቀለበት አንድ ደረጃ ወደ ላይ ማውጣት ነው፤ መርፌው ዝቅ ስለሚል ቤንዚኑ ይቀንሳል። ቤንዚን ካነሰበት ቀለበቱን ማውረድ ነው። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ላይ በአብዛኛው በዲፑራቶሩ በኩል ያለው ቪቴ የአየር ቪቴ ነው፤ ሲጠብቅ ቤንዚን ይበዛል፥ ሲላላ አየር ይበዛል። እስከ መጨረሻው አጥብቆ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ያህል ማላላት ለመጀመሪያ ጥሩ ነው።

ሁለት ሕጎችን አደራ እንላለን። አንደኛ፥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሁለቱን አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው ወይም እንደ ጎዳው ሊያውቅ አይችልም። ሁለተኛ፥ የተደፈነ ጂግለር በሽቦ አይጎርጎር። ናስ ለስላሳ ነው፤ ሽቦው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፥ የተጻፈውም ቁጥር ከዚያ ወዲህ ውሸት ይሆናል። በቤንዚን ነክሮ በአየር መንፋት፥ እምቢ ካለም በቀጭን የስንደዶ ጭራ መግፋት ይበቃል።

ካንዴላው ሲናገር

ፍርዱን የሚሰጠው ካንዴላው ነው። ዋናውን ጂግለር ለመመርመር ከሁምቦ ወደ ሶዶ በሚያወጣው ዳገት ላይ፥ መኪና በሌለበት ቦታ፥ ጋዙን ሙሉ ከፍቶ ጥቂት መሄድና በድንገት ሞተሩን አጥፍቶ ፍሪሲዮኑን መያዝ ነው። ቆሞ ካንዴላው ሲፈታ በመካከሉ ያለው ነጭ ሸክላ የበሶ ዱቄት የመሰለ ቡናማ ቀለም ከያዘ ድብልቁ ልክ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ወይም አመዳይ የመሰለ፥ ይልቁንም ጥቃቅን ብልጭልጭ ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ ግን ሞተሩ ፒስቶኑን እያቀለጠ ነውና በዚያ ሁኔታ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መሄድ አይገባም። የዛሬው ቤንዚን እንደ ድሮው እርሳስ ስለሌለበት ቀለሙ ቶሎ አይወጣም፤ ስለዚህ ከአንድ ጊዜ በላይ መሞከር ያስፈልጋል።

ድምፁም ይመሰክራል። ቤንዚን የበዛበት ሞተር አንዱን ዙር አቃጥሎ አንዱን ስለሚያልፍ ሙሉ ጋዝ ላይ እንደ ባለ አራት ምት ይንተባተባል። ቤንዚን ያነሰው ግን ድምፁ ቀጥኖ ይሰላል፤ ጋዙን ጥቂት ስንዘጋለት ደግሞ የተሻለ ጉልበት ያገኘ ይመስላል። በሁለቱ መካከል ለመምረጥ የተቸገረ ሰው ጥቂት ወደ በዛበት ያድላ። ይልቁንም ከሶዶ ወደ ቆላ የሚመላለስ ሰው ጂግለሩን የሚያስተካክለው ለጉዞው ዝቅተኛ ቦታ መሆን አለበት። በደጋው ጥቂት ያጨስበታል፤ ዋጋው ይህ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስለ ሠራተኛው አንድ ቃል እንጨምር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ የወጣው ቀጥቃጩና ሸማኔው ይናቁ ስለ ነበር ነው። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ በሌላ መልክ አለ፤ የተማረው እጁን አያቆሽሽም፥ እጁን ያቆሸሸውም ምክንያቱን የሚነግረው አያገኝም። መካኒኩ በጆሮው የሚያውቀውን እኛ በቁጥር እናውቃለን፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ጓደኞቻችን ለአንድ አሮጌ ሞተር አንድ ደብተር ያውጡለት። ቀኑን፥ ቦታውን፥ የጂግለሩን ቁጥር፥ የመርፌውን ደረጃ፥ የዘይቱን መጠንና የካንዴላውን ቀለም ይጻፉበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ደብተር ለሶዶ፥ ለቦዲቲ፥ ለአረካና ለሁምቦ መንገዶች ከፋብሪካው መመሪያ ይበልጥ የሚታመን መጽሐፍ ይሆናል፤ ፋብሪካው ያላየውን መንገድ እኛ አይተነዋልና።